ለካሜራ ያልኩት እሺ

ኅዳር 8 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

ፎቶ አንሺው ትእዛዙ በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ነው የመጣው። እሱ ፎቶ ቤቱን የሚዘጋው ለቀብር ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ለካ ፊልም ሊሠራ ነው። ካሜራው የራሱ፣ ጽሑፉም የራሱ ነው፤ የኪነት ክበባችን ልጆች ይተውኑበታል፤ ለገና በቀበሌው አዳራሽ ይታያል። ስሙ «ሙሽሪት በጓሮ በር» ይባላል። ሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው ጥርጣሬ የገባት ሙሽራ በጓሮ በር ሹልክ ትላለች። ሙሽራውም ያው ጥርጣሬ ይዞት በራሱ ቤት ጓሮ ይወጣል። መናኸሪያ ላይ ይገናኛሉ፤ ፊት ለፊት ተያይተው ስለማያውቁ፣ ማን መሆናቸውን ሳያውቁ አንዱ ለሌላው ችግሩን ያወራል። እዚያው ይዋደዳሉ። የሚያስቅ የፍቅር ፊልም ነው።

ሙሽራ የምትሆን ሴት አጥቷል። የጠየቃቸው ልጃገረዶች ሁሉ ሙሽራ ሆኜ በቪዲዮ ከታየሁ ማን ያገባኛል ብለውታል። «አንቺ ግን አንዴ ታጭተሻል፤ ምን ይቀርብሻል?» አለኝ። ነገሩ ልክ መስሎ ታየኝና እሺ አልኩት። መሰረት አጠገቤ ቆማ ትስቅ ነበር። እኔ አራተኛ ሀን፣ እሷ አራተኛ ለን ነው የምናስተምረው፤ በግድግዳው በኩል እንኳ ሳቋ ይሰማኛል። እሷም ሚዜ ሆና ገብታለች።

የራሴ ሠርግ ጥር 20 ነው። መስከረም ላይ ከአምደወርቅ ሽማግሌዎች መጥተው ለዲያቆን እንዳለው፣ ለመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ልጅ፣ ጠየቁኝ። ጠየቁኝ ስል አባዬን ጠየቁት ማለቴ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ነጭ ሽንኩርት እልጥ ነበር። አባዬ ቃሉን ሲሰጥ ሰማሁ፤ እማዬ እልል ስትል ሰማሁ። ማንም ወደ ጓዳ አልመጣም፤ እኔም አልወጣሁም። አልተቃወምኩም፤ ስለዚህ ተስማምቻለሁ ማለት ነው።

ኅዳር 12

ዲያቆን እንዳለው መጣ። ከአጎቱ ጋር ነው፤ ብቻውን መምጣት ደንብ አይደለም። መኪና አጥተው ግማሹን መንገድ በእግራቸው ነው የተጓዙት። እማዬ «እርስዎ በይው፤ ነገ ቄስ የሚሆን ሰው አንተ አይባልም» ብላ አስጠንቅቃኝ ስለነበር «ደኅና ሰነበቱ?» አልኩት። ዞር ብሎ ወደ በሩ አየ። ሌላ ሰው ከኋላው የገባ መስሎት ነው።

አጎቱና አባዬ ስለ ንብ ሲያወሩ የፊልሙን ጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ አይቶ ላንብበው ብሎ አስፈቀደኝ። እስከ መጨረሻው አነበበው። የሚስቅበት ቦታ ሲደርስ አፉን በነጠላው ይሸፍናል። ጨርሶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ልጅቷ ለምንድን ነው የምትሸሸው?»

«ተጠራጥራ ነዋ።»

«ምኑን?»

ገጾቹን ገለባበጥኩ። ትእዛዙ አልጻፈውም። እንጃ አልኩት። «ቢጻፍ ጥሩ ነበር» አለና ወረቀቱን አስተካክሎ መለሰልኝ።

ገብቶ ከመቀመጡ በፊት ውጭ ቆሞ እግሩን ታጥቧል። የአንደኛው ጫማው ማሰሪያ ሲባጎ ነው። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ኅዳር 20

ቀረጻ ተጀመረ። ፈተና ማረም አለ። እንጨት ተወዷል እያለች እማዬ ትነጫነጫለች። ፊልሙ ላይ የማገባው ሸጋው የሚባለውን ልጅ ነው፣ ግብርና ቢሮ የሚሠራውን። ገና ሳይናገር ሰው ያስቃል። የራሱ እጮኛ ይታየሽ ቤይሩት ሰው ቤት ናት፤ እሑድ እሑድ ቴሌ ሄዶ ስልኳን ይጠብቃል። ዛሬ መናኸሪያ ላይ የምንገናኝበትን ስንቀርጽ እውነተኛ ተሳፋሪዎች እየከበቡ አስቸገሩን። አንዲት እናት መጥተው «ልጄ፣ ተመለሽ፤ ወላጆችሽን አታዋርጂ» ብለው እጄን ያዙኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ኅዳር 26፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዲያቆን ቄስ ከመሆኑ በፊት ያገባል፤ የሚያገባው ደግሞ አንዴ ነው። ሚስቱ ብትሞት ወይም ጥላው ብትሄድና ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይቀራል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔን ይመለከተኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሌላው ሰው በትዳሩ ቢሳሳት እንደምንም ያርመዋል። እሱ ግን አንድ ዕድል ነው ያለው፤ ያንን አንድ ዕድል እኔ ላይ ሊያውለው ነው። ደግሞ ምኔን ያውቃል? ወጥ ላይ ጨው አበዛለሁ። ጠዋት ጠዋት አኩራፊ ነኝ። ተማሪ ሲያንቀላፋ ጠመኔ እወረውራለሁ። ይህን የነገረው አለ? ሽማግሌዎቹ የቢምረው ልጅ ጨዋ ናት ብለውታል። ጨዋ ማለት የማትናገር ማለት ከሆነ አልዋሹም።

ከሰዓት በኋላ እማዬና ጎረቤታችን ጥሩሐረግ አጥር ሥር ሆነው ሲያወሩ ሰማሁ። «ቄስ ጥሩ ነው እቴ፤ አይሰክር፣ አይፈታ» ትላለች እማዬ። «ልጅቷስ ምን አለች?» አለች ጥሩሐረግ። «ምን ትላለች?» አለች እማዬ። ከዚያ ስለ በርበሬ ማውራት ጀመሩ።

እንዳለው ላይ ምንም የምለው ነገር የለኝም። ክፉ ሰው አይደለም። ጥያቄው እሱ አይደለም። ጥያቄው ምን እንደሆነ ባውቅ ለትእዛዙ እነግረውና ጽሑፉ ላይ ይጨምረው ነበር።

ታኅሣሥ 6፣ ማታ

ዛሬ የሽምግልናውን ትዕይንት ቀረጽን።

ትእዛዙ የውሸት ሽማግሌ አስቀምጬ ሰው አይስቅብኝም ብሎ አያ የሻምበልን አመጣቸው። በሰፈራችን እሳቸው ያላስታረቁት ጠበኛ፣ ያልመረቁት ሙሽራ የለም። ቲያትር መሆኑን ቁጭ አድርጎ አስረዳቸው። ገብቶኛል አሉ። የትውስት ካባ አለበሳቸው። ጽሑፉ ላይ ሽማግሌው ሙሽራዋን «ሰናይት፣ ፈቅደሻል?» ይላታል፤ እሷ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ይመርቃታል፤ አለቀ። ትእዛዙ ግን በመጨረሻው ሰዓት በኽምጣኛ ቢሆን የበለጠ ያምራል አለ። እሱ የወልድያ ልጅ ነው፤ ኽምጣኛ አንድ ቃል አይሰማም።

አያ የሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ሰናይት አላሉም። «መስታወት፣ የቢምረው ልጅ» ብለው ጠሩኝ። ሸጋውንም በስሙና በአባቱ በወልደ ኢየሱስ ስም ጠሩት። ከዚያ ማንም ሳያስገድድሽ፣ በልብሽ ወደሽ፣ ይህን ሰው በክፉም በደጉም ትቀበይዋለሽ ወይ አሉኝ። ብለው ዝም አሉ። የምር መልስ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነው፤ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር። አንገቴን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። በአፌ መለስኩላቸው። እሺ፣ እቀበለዋለሁ አልኩ፣ በአባቴ ቋንቋ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እሳቸውም በሁለታችን ስም መረቁ። ልጅ ውለዱ፣ ከብቱም ንቡም ይርባላችሁ፣ ደጃችሁ ሰው አይጣ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ አሜን አሉ።

ትእዛዙ መብራቱ አልተስተካከለም፣ ይደገም አለ። አያ የሻምበል ካባውን እያወለቁ «ምርቃት አይደገምም» አሉት። ከዚያ በኋላ ቢለምናቸውም አልተቀመጡም።

ስሙ ተሳስቷል ማለት እችል ነበር። አቁሙ ማለት እችል ነበር። መምህርት ነኝ፣ ሃምሳ ተማሪ ጸጥ የማሰኝ ሴት ነኝ። ለምን ዝም አልኩ? ዝም እንኳ አላልኩም፤ መለስኩ። እንደዚያ ተደርጌ ተጠይቄ ስለማላውቅ ይሆናል። ጥያቄው ደስ አለኝ። ባፍርም እውነቱ ይኸው ነው፤ ጥያቄው ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 10

ሸጋው መንገድ ላይ «ባለቤቴ፣ ደኅና አደርሽ?» አለኝ። አልሳቅሁም። መሰረትም ኽምጣኛ ትሰማለች፤ ግን ምንም አላለችኝም። አለማለቷ ነው ያስጨነቀኝ። ፊልም ነው። ፊልም ነው።

ታኅሣሥ 19

እንዳለውና አጎቱ ዛሬም መጡ። ጾም ስለሆነ ቶሎ የሚቀርብ ነገር የለም፤ ሽሮው እስኪደርስ አባዬ ቀፎዎቹን ሊያሳያቸው ወሰዳቸው፤ እኔም ውኃ ይዤ ተከተልኩ። ንቦቹ የእንዳለው ነጠላ ላይ ወጡ። ሰውነቱ እንጨት ሆነ።

«ፈሩ?» አልኩት።

«አዎ» አለ። ወንድ ልጅ ፈርቻለሁ ሲል በጆሮዬ የሰማሁት ዛሬ ነው። ንቦቹን በእጄ አነሳሁለት። ከዚያ አባዬና አጎቱ ወደፊት አለፉና እኛ ለጥቂት ጊዜ ለብቻችን ሆንን። ለብቻችን ሆነን ስናወራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለ ፊልሙ ጽሑፍ ካወራነው በቀር ከዚያ በፊት ያለው ወሬ ሁሉ በእማዬ በኩል ነው የሚያልፈው።

ለምን እንደደፈርኩ አላውቅም፤ ካገቡኝ በኋላ ብሞትብዎትስ አልኩት። ብቻዬን እኖራለሁ አለ። አይከብድም ወይ ስለው «ይከብዳል እንጂ» አለ። ተራ ነገር እንደሚያወራ ሰው ነው የሚናገረው። ከዚያ አንተ እንድለው ለመነኝ፤ እርስዎ ስለው አባቱ ከኋላው የቆሙ እየመሰለው ይደነግጣል። እሞክራለሁ አልኩት።

ስለ አያ የሻምበል ምርቃት ልነግረው ነበር። እውነት ልነግረው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ እያለ ትዳር ለመያዝ ብለህ ነው ወይስ ቅስና ለመቀበል ብለህ ነው የምታገባኝ ብዬ ልጠይቀውም ነበር። ሁለቱንም ሳልል እማዬ ለምግብ ጠራችን። ፈሪዋስ እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 30፣ የገና ማግስት

ፊልሙ ታየ። አዳራሹ ከመሙላቱ የተነሣ መስኮት ላይ ሁሉ ሰው ተቀምጧል። ለበዓሉ ከአምደወርቅም ከጽጽቃም የመጣ ሰው ነበር። ሸጋው ጓሮ ሲወጣ ሱሪው አጥር ላይ ተይዞ ሲታገል ሰው በሳቅ አለቀ። መናኸሪያ ላይ ሳንተዋወቅ እኔ «ባሌ የሚሆነው ሰው አፍንጫው ትልቅ ነው አሉ» ስለው እሱ አፍንጫውን ሲሸፍን ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን በግድግዳ ላይ ትልቅ ሆኖ አየሁት።

ከዚያ ሽምግልናው መጣ። አያ የሻምበል ስሜን ጠሩ። የእኔን ስም፣ የአባዬን ስም። ሳቁ ባንዴ ቆመ። እሺ ስል ድምፄ ከድምፅ ማጉያው ወጣ። ምርቃቱ ሲጀመር ከፊት ረድፍ ያሉት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። እውነት ተነሡ። አሜን ሲሉ ከኋላ ያለውም ሕዝብ አሜን አለ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እኔንና ሸጋውን መረቀን።

ትእዛዙ ከማሽኑ ጀርባ ሆኖ በደስታ እጁን ያወዛውዛል። ሰው ፊልሙን ወዶት የተነሣ መስሎታል።

አባዬ ከእኔ ጎን ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ሙሉውን መንገድ ከፊቴ ቀድሞ ሄደ።

ጥር 3

ወሬው አምደወርቅ ደርሷል። የቢምረው ልጅ ለሌላ ተመርቃለች ተብሏል። ጥሩሐረግ ልትጠይቀን መጥታ ልቅሶ ቤት እንደሚቀመጡ ተቀምጣ ሄደች።

ጥር 5

ትእዛዙ ትዕይንቱን ቆርጬ አወጣዋለሁ አለ። ከካሴቱ ይወጣል፤ ከሰው ጆሮ እንዴት አድርጎ ያወጣዋል? ሸጋው ትናንት ቴሌ ሄዶ ነበር። ይታየሽ ከቤይሩት ደውላ «ተዳርክ አሉኝ» አለችው። እዚያ ድረስ ማን እንዳደረሰላት እግዜር ይወቅ። ዛሬ ባለቤቴ አላለኝም። አይቶኝ መንገድ ቀየረ።

ጥር 7

አያ የሻምበል ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ተቆጥቼ ነው የሄድኩት። ቲያትር መሆኑን እያወቁ ለምን በስሜ መረቁኝ አልኳቸው። አልተቆጡም። ከአጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙኝ።

«ነግረውኛል ልጄ። ካባውን የውሸት ለበስኩት፤ ወንበሩ ላይም የውሸት ተቀመጥኩ። ምርቃት ግን የውሸቱን አላውቅበትም። በሌለች ሰናይት ስም እግዜርን ልጥራ? እኔ ጠየቅሁሽ፤ አንቺ ዓይኔን አይተሽ መለስሽ። የለም ብትይኝ ኖሮ እነሣ ነበር።»

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ጥር 9

መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ መልእክት ላኩ። ለክህነት የሕዝብ ምስክር ይጠየቃል፤ ሕዝቡ ሚስቱ ለሌላ የተመረቀች ናት ካለ ልጄ እንዴት ቅስና ይቀበላል ነው የሚሉት። ሁለቱም ወገን አያ የሻምበል ባሉበት ይቀመጥ ተብሏል። እማዬ ለሠርጉ የጠነሰሰችውን ጠላ እያየች ታለቅሳለች። አባዬ ቀፎዎቹ ዘንድ ነው የሚውለው።

እንዳለው ምንም አላለም ይባላል። ሁሉም ሰው ስለ እሱ ያወራል፤ እሱ ግን ምንም አላለም።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ታቦት ስንሸኝ ዲያቆናቱን አንድ በአንድ አየኋቸው። እንዳለው እዚህ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ የሚያገለግለው አምደወርቅ ነው። ቢሆንም አየሁ። ልብሰ ተክህኖ ሲለብስ አይቼው አላውቅም። ያምርበት ይሆናል።

ጥር 14

ዛሬ ተቀመጡ። በእኛ ቤት ነው የተቀመጡት፤ መሪጌታ፣ አጎቱ፣ አባዬ፣ አያ የሻምበል፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች። እንዳለው በሩ አጠገብ። እኔ በዚህ ጊዜ ከጓዳ ተጠርቼ ምሰሶውን ተደግፌ ቆምኩ።

አያ የሻምበል ያ ምርቃት በጥያቄ የታሰረ ስለሆነ በጥያቄ ይፈታል አሉ። ልጅቷ እንደገና፣ ለዚህ ሰው፣ እውነቱን ትጠየቅ። እሺ ካለች ሰው ሁሉ ይሰማል፤ የሕዝቡም አፍ ይዘጋል። እምቢ ካለችም እምቢታዋ ይከበር። አባዬ አንገቱን አቀረቀረ። አያ የሻምበል ወደ እኔ ዞሩና ጠየቁኝ፤ ያው ጥያቄ፣ በማንም ሳትገደጂ፣ በልብሽ ወደሽ። ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ እውነቱን ይዞ መጣ።

የማስበው ያችኑ አንድ ዕድሉን ነው። እኔ ተሳስቼ እሺ ብል የሚከፍለው እሱ ነው። ሁሉም ይጠብቃል። ጣቶቼ ምሰሶውን ይፍቃሉ። በመጨረሻ ያልኩት ይህን ነው።

«እሱስ ተጠይቋል ወይ?»

ብልህነት አልነበረም። ጥያቄው ከእኔ ላይ እንዲነሣልኝ ብዬ ወደ እሱ ወረወርኩት። መሪጌታ ምን ማለቷ ነው ብለው ወደ አባዬ ዞሩ። አያ የሻምበል ግን ልክ ናት አሉና እንዳለውን ጠየቁት።

እንዳለው ቀና አለ። ዓይኔን አየ፤ ከዚያ እጄን፣ ምሰሶው ላይ ያለውን። ከዚያ ተነሣ።

«እኔ አልፈልግም» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከልጅቷ አይደለም። እንዲህ ብላችሁ ለሕዝቡ ንገሩልኝ።»

መሪጌታ ጭናቸውን መቱ። አጎቱ ክንዱን ሊይዘው ሞከረ። እሱ የአባዬን ጉልበት ሳመ፣ የአያ የሻምበልን ጉልበት ሳመ፣ ወጣ። አልዞረም።

ቀለለኝ። አባዬ «በቃ፣ ነጻ ነሽ» አለኝ። ቀለለኝ። እራት አልበላሁም፤ ስላልራበኝ ነው። ቀለለኝ ብዬ ጽፌያለሁ።

ጥር 15

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ሁለቴ አሳስቼ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ አረሙኝ።

ከሰዓት በኋላ መሰረት መጣች። እናቷ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። ትናንት እነ እንዳለው መኪና ሲጠብቁ እዚያ ነበር የተቀመጡት። አጎቱ ክፉኛ ሲቆጣው እናቷ ሰምታለች። ቃሉን ያጠፈ ዲያቆን ማን ልጁን ይሰጠዋል፣ አባትህን ምን ልታደርጋቸው ነው ሲለው፣ እንዳለው «እምቢ ማለት ለእሷ ከባድ ነው፤ ለእኔ ይቀለኛል። እጇን አላየኸውም?» አለው።

መሰረት ይህን ነገረችኝ። ከዚያ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እጅሽ ላይ ምን አየ?» አለችኝ። ምንም ብዬ ሸኘኋት።

ጥር 16፣ ማታ

እጄ ላይ ፍርሃት አይቷል። ያየውስ ልክ ነው። የፈራሁት ምን እንደሆነ ግን አላወቀም፤ እሱን የማልፈልግ መሰለው። በሽማግሌ ፊት ዋሽቶ ለእኔ ሲል ስሙን ጣለ፤ ቅስናውንም አብሮ ጣለ ይሆናል። እኔ ደግሞ ቀለለኝ እያልኩ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ።

አሁን ለራሴ እንኳ ያልነገርኩትን ልጻፈው። ለካሜራው እሺ ያልኩ ቀን አጠገቤ የተቀመጠው ሸጋው ነበር። አያ የሻምበል ይህን ሰው ትቀበይዋለሽ ሲሉኝ የታየኝ ግን ሸጋው አይደለም። ውጭ ቆሞ እግሩን ሲታጠብ የነበረው ሰው ነው። እሺ ያልኩት ለእሱ ነው። ከወራት በፊት ጓዳ መጥተው ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አላውቅም። አሁን ግን አውቃለሁ። እወደዋለሁ። እሱ ሄዷል።

ሲነጋ አባዬን ቀፎዎቹ ዘንድ አገኘዋለሁ።

ጥር 17፣ ጠዋት

ነገርኩት። ወደ አምደወርቅ ልሄድ ነው፣ ራሴ ልጠይቀው ነው አልኩት። የንብ ማጨሻውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። «ሴት ልጅ ለራሷ ሽማግሌ ሆና ስትሄድ አይቼ አላውቅም» አለ። እኔም አላውቅም አልኩት። ቆይቶ «መስከረም ላይ ጓዳ ገብቼ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር» አለ፤ ከዚያ ቀፎ ከፍቶ ነጭ ማር ይቆርጥልኝ ጀመር። ባዶ እጅ አይኬድም አለ። ለእማዬ ራሱ ሊነግራት ነው፤ እኔ ከሄድኩ በኋላ።

አይሱዙ አግኝቻለሁ። ጋቢና ነኝ። መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ በቃኝ።

ጥር 17፣ ማታ፣ አምደወርቅ

ከመኪና ወርጄ ቤታቸውን እየጠየቅሁ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ ፊልሙ እዚህም ደርሷል። አንዳንዱ ጣቱን ቀሰረብኝ። ደጃቸው ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ እናቱ፣ ወይዘሮ ወለተ ሐና ናቸው። አይተውኝ ደነገጡ፤ ቢሆንም ጨዋ ሰው ስለሆኑ ግቢ፣ ተቀመጪ አሉኝ።

ገባሁ እንጂ አልተቀመጥኩም። ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው ጉዳዩ ሳይሰማና እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ይህን አገር ሁሉ ያውቃል። «ጉዳዬ ሳይሰማልኝ አልቀመጥም» አልኳቸው። ወይዘሮ ወለተ ሐና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ መሪጌታን ሊጠሩ ወደ ውስጥ ገቡ።

መሪጌታ ወጡ። ማሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ሽማግሌሽ የታለ አሉ። እኔው ነኝ አልኩ። ለማን ነው የመጣሽው አሉ። ለራሴ ነው አልኩ። ልጅዎን ለትዳር ልጠይቅ መጥቻለሁ፤ ባለፈው ስጠየቅ ያልመለስኩት ስለፈራሁ ነው፣ ስላልፈለግሁ አይደለም አልኳቸው። ያለቀስኩ አይመስለኝም። ወይዘሮ ወለተ ሐና ግን አልቅሰዋል።

መሪጌታ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «እኛም ልጁን ሳንጠይቅ ነበር ሽማግሌ የላክነው» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ይጠየቅ።» ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዳለውን ጠሩት።

ከአውድማው ነው የመጣው። ፀጉሩ ላይ ገለባ አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። አባቱ ይቺ ልጅ ፈልጌሃለሁ ብላ መጥታለች፣ ምን ትላለህ አሉት። ወደ እነሱ አልተመለከተም፤ ወደ እኔ ነው።

«ማን ላከሽ?» አለኝ።

«ማንም። አንተን ልጠይቅ መጣሁ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። እጄንም አየ። በዚህ ጊዜ አልደበቅኩትም።

«ብዙ ቆመሻል?» አለኝ።

«አዎ።»

ጥግ ከነበረው መደብ ላይ በነጠላው አቧራውን አራገፈልኝ። ከዚያ ነጠላውን እንደያዘ ቀና አለ።

«እንግዲያው ተቀመጪ» አለ።

ተቀመጥኩ።